ስድስቱን የሄንሪ ሚስቶች የቆጠረ የወለጋ ልጅ



ነገሬን ከነቀምቴ ልጀምር። ከዐስር ሶላት በኋላ መግሪብ እስኪደርስ ከመስጊዱ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ወጣት ከአጠገቤ አረፍ አለ። በእጁ ጠርዙ የተጎሳቆለ፣ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ጥራዝ ይዟል። ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ደግሞ ገልጦ ያያል። እኔ የዋሁ ሱራ የሚሐፍዝ መስሎኝ፣ «ማሻአላህ! የት ደረስክ?» አልኩት። «አራተኛዋ ላይ» አለኝ። አራተኛዋ ምን? የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ ስምንተኛ አራተኛ ሚስት፣ አን ኦፍ ክሌቭስ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚስቱ ለንደን ናት። ቪዛው ከተሳካለት ይሄዳል፤ ከሄደም ከዓመታት በኋላ ለመኖሪያ ፈቃዱና ለዜግነቱ «የብሪታንያ ሕይወት» የሚባለውን ፈተና መውሰዱ አይቀርም። ስለዚህ ሚስቱ «ካሁኑ ጀምረው» ብላ መጽሐፉን ላከችለት። ብልህ ልጅ ነው፣ አልሳቅሁበትም። ሄስቲንግስ? «1066» አለኝ ሳይተነፍስ። ማግና ካርታ? «1215»። የስፔን የጦር መርከቦች? «1588»። ቀጥዬ የኔን ጥያቄ አመጣሁ። አያትህ ቁርኣን የቀሩት ከማን ነው? ዝም። በከተማችሁ በመንዲ የመጀመሪያውን መስጊድ ማን አሠራው? ዝም። የጉቴ ዲሊ ጦርነት መቼ ነበር፣ ማንና ማን ተዋጉበት? «ስሙን ሰምቻለሁ» አለኝ። ጉቴ ዲሊ እኮ በነጆና በመንዲ መካከል ነው! ከቤቱ ደጃፍ እንደማለት ነው!

ያ ልጅ ጥፋተኛ ነው ብዬ አይደለም ብዕሬን ያነሳሁት። ጥፋተኛው ሌላ ነው፤ ወደ እርሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ፈተናው ምን እንደሆነ ላላወቀ አንባቢ ላስረዳ።

ፈተናው እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2005 ጀምሮ የብሪታንያን ዜግነት በሚጠይቁ፣ ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ቋሚ መኖሪያ በሚጠይቁ ላይ የተጣለ ግዴታ ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 64 የሆነ ሁሉ ይፈተናል። 24 ጥያቄ አለው፣ 45 ደቂቃ ይሰጠዋል፣ 18 የመለሰ ያልፋል። ዋጋው 50 ፓውንድ ነው። የወደቀ እንደገና ይከፍላል፣ እንደገና ይፈተናል። ጥያቄው የሚወጣው መንግሥቱ ራሱ ካሳተመው አንድ መጽሐፍ ነው፤ ሦስተኛው እትም የወጣው በ2013 ነው። ንጉሡ፣ ንግሥቲቱ፣ ፓርላማው፣ ባለቅኔው፣ ክሪኬቱ፣ የገና እራቱ ሁሉ አለበት። ከዚያ በኋላ ሥነ ሥርዓት ይደረጋል፤ ሰውየው ለንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊና ለወራሾቻቸው ታማኝ እንደሚሆን ቃል ይገባል። የእኛ አገር ሕግ በበኩሉ በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ወዶ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። እንግዲህ ቀላል ነገር አይደለም። በአንድ በኩል በር ሲከፈት በሌላው በኩል በር ይዘጋል።

አሁን ሁለት ዓይነት ወንድሞች ይነሱብኛል። አንደኛው «ድሮም የካፊር ነገሥታት ታሪክ መሸምደድ ምን ይፈይዳል? ጊዜ ማባከን ነው፣ እንዲያውም ወንጀል ነው» የሚል ነው። ለዚህ ወንድሜ አንድ ነገር ላስታውሰው። የመጀመሪያው ሂጅራ ወዴት ነበር? ወደ ሐበሻ አይደለምን? እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ሰሓቦች (ረ.ዐ) ቀይ ባሕርን ተሻግረው የተጠጉት አንድ ክርስቲያን ንጉሥ ዘንድ ነው። ያ ንጉሥም ፈትኗቸዋል! ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ጓደኛውን ስጦታ አስይዘው «መልሱልን» ብለው በላኩ ጊዜ፣ ነጃሺ ስደተኞቹን አስጠርቶ ጠየቃቸው። ምን ጠየቀ? የአክሱም ነገሥታትን በቅደም ተከተል ቁጠሩ አላለም። የአባቶቼ ሚስቶች ስንት ነበሩ አላለም። ከወገናችሁ የለየችሁ ሃይማኖት ምንድን ናት? ስለ ዒሳስ (ዐ.ሰ) ምን ትላላችሁ? ይህንን ጠየቀ። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብም (ረ.ዐ) ቆሞ ስለ ጃሂሊያው ዘመን፣ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ዝምድና፣ ስለ አማና ተናገረ፤ ከሱረቱ መርየምም አነበበለት። ነጃሺም አለቀሰ፣ አልሰጣችሁም ብሎ መልእክተኞቹን መለሰ። ይህ ሁላችን ከልጅነታችን የሰማነው ነው።

ሁላችን የማንሰማው ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሰሓቦች በሐበሻ በቆዩባቸው ዓመታት ከአገሩ ጉዳይ ራሳቸውን አልለዩም። በነጃሺ ላይ ተቀናቃኝ በተነሳበት ጊዜ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) በተነፋ አቁማዳ ወንዝ ተሻግሮ የጦርነቱን ውጤት ለማየት ሄደ፤ የቀሩት ንጉሡ እንዲያሸንፍ ዱዓ ያደርጉ ነበር። እዚያ የተወለደችው ኡሙ ኻሊድ ከቤተሰቧ ጋር ወደ መዲና በተመለሰች ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልብስ አልብሰዋት በሐበሾች ቋንቋ «ሰናህ» ብለው አሞካሹላት፤ ቆንጆ ነው ማለታቸው ነበር። እና የተጠለልክበትን አገር ቋንቋና ጉዳይ ማወቅ ከየት መጥቶ ወንጀል ሆነ? ስለ መሐላው ጉዳይ ፈትዋ የመስጠት ዕውቀቱም ሥልጣኑም የለኝም፤ ዑለማዎችን ጠይቅ። ዕውቀቱን ግን አትከልክለው።

ሁለተኛው ወንድም ደግሞ ከዚህ በተቃራኒ የቆመ ነው። «ተወው ባክህ! የእንግሊዝ ታሪክ ታሪክ ነው፣ የኛ ምን አለውና? ደግሞስ የመንዲ መስጊድ ፓስፖርት ይሰጣል?» ይላል። ከዚህኛው ጋር ነው ጠቤ።

እስቲ መጽሐፉን ራሱን እንየው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ከአንድ መቶ በላይ የብሪታንያ ታሪክ ምሁራን የመጽሐፉ የታሪክ ምዕራፍ ስለ ባርነትና ስለ ቅኝ ግዛት የሚለው የተዛባ ነውና እስኪታረም ከፈተናው ይውጣ ብለው ደብዳቤ ጻፉ። በ2022 ደግሞ የራሳቸው የላይኛው ምክር ቤት ኮሚቴ ፈተናውን ክፉኛ ነቅፎ እንዲከለስ ጠየቀ። ባለቤቶቹ ራሳቸው ያልተስማሙበትን መጽሐፍ ነው እንግዲህ የኛ ልጅ እንደ ቁርኣን ዓይኑን ጨፍኖ የሚሸመድደው!

በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ የሙስሊም ስም ያለው ሰው ታገኛለህ። ሴክ ዲን መሐመድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1759 ሕንድ ውስጥ የተወለደ ነው፤ ወደ ብሪታንያ መጥቶ በ1810 በለንደን የመጀመሪያውን የሕንድ ምግብ ቤት የከፈተ፣ የራስ ቅባትና እሽት ልማድንም ያስተዋወቀ እየተባለ ይወደሳል። ተፈታኙ ሁሉ ስሙን ያጠናል። መቼም የሙስሊም ልጅ ሲያገኘው ደስ ይለዋል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ሰውየው ግን አንዲት አየርላንዳዊት ሊያገባ የእነርሱን ቤተ ክርስቲያን ሃይማኖት ተቀበለ፤ ከልጅ ልጆቹም አንዱ የአንግሊካን ቄስ ሆኖ አገለገለ። ስሙ መሐመድ እንደሆነ ነው! የቤተሰቡ ስም እስከ ቄሱ ድረስ ዘለቀ፣ ሌላው ነገር ግን አልዘለቀም። ሎንዶን፣ ሊድስ፣ ማንቸስተር የምትኖር የነቀምቴ፣ የጊምቢ፣ የደምቢ ዶሎ ልጅ ሆይ፣ ይህንን ገጽ ስታጠና ለአንድ አፍታ ቆም በል።

ከደምቢ ዶሎ የሄደች አንዲት እህት እዚያው ፈተናውን ሦስት ጊዜ ወድቃለች። በየጊዜው 50 ፓውንድ። ሌሊት ቢሮ ታጸዳለች፣ ቀን ልጅ ታሳድጋለች፣ በመካከል ታጠናለች። «ጭንቅላቴ አይዝም» አለችኝ በስልክ። ጭንቅላቷ እንደማይዝ ልመሰክር አልችልም! ምክንያቱም ከዚያው ስልክ ላይ አያቷ ቡና በበቅሎ ጭነው ከሳዮ ወደ ጋምቤላ እንዴት ይወርዱ እንደነበር፣ ለጉዞው የክረምቱን ወራት ለምን ይጠብቁ እንደነበር ነገረችኝ። አባቷ ከነገሯት አንዲቷንም አልረሳችም።

ይህ ምን እንደሆነ አስተዋልክ? ይህ እኮ የብሪታንያ ታሪክ ነው! በግንቦት 1902 እ.ኤ.አ. ዐፄ ምኒልክና እንግሊዞች በተፈራረሙት ውል እንግሊዝ በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንድታቆም ተፈቀደላት። ጋምቤላ የተመሠረተችው በዚያ ነው። ባሮ በክረምት ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከኻርቱም እስከ ጋምቤላ ይመጡ ነበር፤ የወለጋና የኢሉባቦር ቡናም በዚያ ወጥቶ በነጭ ዐባይ በኩል ወደ ዓለም ገበያ ይሄድ ነበር። ጣቢያው የተመለሰልን በ1956፣ ሱዳን ነፃ በወጣች ጊዜ ነው። የእንግሊዝ ባንዲራ ለብዙ ዓመታት በደጃችን ተሰቅሎ ኖሯል። ይህች እህት ግን ይህንን የሚጠይቅ ጥያቄ በሦስቱም ፈተና አልገጠማትም። የሚያውቀውን የማይጠይቁት ሰው ምንጊዜም ደንቆሮ ይመስላል።

ከዚህም የሚብስ ልንገርህ። ነቀምቴ የብሪታንያን ጥላ ስትፈልግ ያንተ የመጀመሪያው አይደለም! ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም ከአገር ከወጡና ጣሊያን አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ፣ የለቃ ነቀምቴው ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔርና ሌሎች የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች ኅብረት ፈጥረው ጎሬ ለነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ለካፕቴን ኤርስኪን አቤቱታ አቀረቡ። በመንግሥታት ማኅበር ፈቃድ በእንግሊዝ ሞግዚትነት ሥር እንሁን ነበር የሚሉት። እንግሊዝ አልተቀበለቻቸውም። ዓመት ሳይሞላ ጣሊያን ጎሬንም ያዘ። ያን ጊዜ ባላባቶቹ በጅምላ ጠይቀው ያላገኙትን ነው ዛሬ ልጆቻቸው አንድ በአንድ ተሰልፈው፣ 50 ፓውንድ ከፍለው የሚጠይቁት። ባላባቶቹ ትክክል ነበሩ ወይስ ተሳስተው ነበር? ይህ ሊከራከሩበት የሚገባ ጉዳይ ነው። ለመከራከር ግን ማወቅ ይቀድማል። በረንዳው ላይ ያገኘሁትን ልጅ ስለዚህ ብጠይቀው ኖሮ ምን ይለኝ ነበር? አንተስ አንባቢ፣ እስከዛሬ ታውቀው ነበር?

አሁን ጥፋተኛው ወዳለበት ልምጣ። ጥፋተኛው እኛ ነን። የወለጋ ሙስሊሞች፣ በተለይም ፊደል የቆጠርነው።

ጎረቤቶቻችንን ተመልከት። ኦነሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ ተሽጦ ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣ የኢሉባቦር ልጅ ነው። ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1899 አሳተመ፤ በ1904 ነቀምቴ ገብቶ አስተማረ፤ በ1931 እዚያው ሞተ። አስቴር የኦሮሞን ተረትና ዘፈን ሰብስባ የፊደል ማስተማሪያ መጽሐፍ አዘጋጀች። ይኸው ዛሬ የነቀምቴ ፕሮቴስታንት ልጅ ታሪኩን ከነዓመተ ምሕረቱ ይናገራል። የቤተ መንግሥቱም ወገን የኩምሳ ሞረዳ ግቢ ቆሞለታል፣ ከተማው ውስጥም ሙዚየም አለ። ጻፉ፣ ሰበሰቡ፣ ጠበቁ። አልቀናባቸውም ብል እዋሻለሁ፤ ግን የምቀናው በሥራቸው ነው፣ ሊነጠቁ አይገባም።

እኛስ? የሱዳን ነጋዴ ሻንጣውን ይዞ በየትኛው መንገድ ገባ? የጅማ ሸኽ ለደረሳ ወለጋ የመጣው መቼ ነው? አንገር ጉትን ላይ የወሎ ሰፋሪ የመጀመሪያውን የሣር መስጊድ ሲያቆም የአገሩ ኦሮሞ እንጨት ያቀበለው እንዴት ነው? ይህ ሁሉ ያለው በሽማግሌዎች አፍ ውስጥ ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እያለፉ ነው። በ2012 ዓ.ም ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ያህል ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳለህ። መስመሩ ሲለቀቅ ስንቱ ስደተኛ ደውሎ የስንቱን አያት መርዶ ሰማ! ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ከነዚያ ጋር የተቀበረውን ማን ያወጣዋል?

አንዳንዱ ሰው ደግሞ ታሪክ እንጻፍ ሲባል ውዳሴ እንጻፍ የተባለ ይመስለዋል። የለም! የእንግሊዞችን መጽሐፍ ባርነትን አለዝቧል ብለን ከተሳለቅን የራሳችንን ማለዘብ የለብንም። በቀድሞው አከፋፈል የወለጋ አካል የነበረችው አሶሳ ሼህ ኾጀሌ አል-ሐሰን የገዟት ናት። ሙስሊም ገዢ ነበሩ፣ ኃያል ነበሩ፤ ከቤኒ ሻንጉል ሰው እየተያዘ ሲሸጥም እጃቸው ነበረበት። እንዲያው «ሸኻችን» ብለን ብቻ አናልፈውም። ከላይ ያወሳኋት አስቴር ጋኖስ ተሽጣ በቀይ ባሕር ላይ መርከቡ ባይያዝ ኖሮ ወዴት ነበር የምትወሰደው? ወደ ዓረብ ገበያ ነበር! ገዢዎቹ ሶላት የሚሰግዱ ነበሩ። ይህንን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ነገር ግን ሌላው ከሚጽፍብን እኛ ብንጽፈው ለአላህም ለሰውም የቀና ነው። ጉቴ ዲሊም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1888 ከሱዳን የመጣው የመህዲስቶች ጦር ከራስ ጎበናና ከሞረዳ በከሬ ጦር ጋር ገጥሞ ተሸነፈ። የመጣው ጦር ሙስሊም ነበር። የተወረረው የማን ቤት ነበር? የትኛው ወገን «የኛ» ነው? ቀላል መልስ የለውም። ስለዚህም ነው መጠናት ያለበት።

አንባቢ ሆይ፣ እስካሁን ስለ ዕውቀት ብቻ የማወራ መስሎህ እንዳይሰለችህ። ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው።

በ1977 እና በ78 ዓ.ም ድርቁና ረሀቡ ወሎን በመታ ጊዜ መንግሥት ብዙ ሺህ ቤተሰቦችን እየጫነ ወለጋ አሰፈረ፤ ወደ አሶሳ፣ ወደ አንገር ጉትን፣ ወደ ቄለም። ከነዚህ ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ፈቃዳቸውን ማን ጠየቀ? የአገሩንስ ሰው ማን ጠየቀ? ያም ሆኖ ጎረቤት ሆኑ፣ ተጋቡ፣ ተዋለዱ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም በምዕራብ ወለጋ በጊምቢ ወረዳ በቶሌ ቀበሌ የሆነውን ታውቃለህ። መንግሥት ራሱ በኋላ የተናገረው ቁጥር 338 ሰው ነው። መንግሥት ታጣቂውን ከሰሰ፣ ታጣቂው መንግሥትን ከሰሰ። ሟቾቹ ግን እዚያው ወለጋ ውስጥ ዐርባ ዓመት ሊሞላቸው የቀረቡ፣ ልጆቻቸው ሌላ አገር የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ከዚያም በፊት በመስከረም 2011 ዓ.ም ከካማሺ ብዙ ሺህ ኦሮሞዎች ቤታቸውን ጥለው ወደ ነቀምቴና ወደ አካባቢዋ ተሰደዋል። የእነርሱም ወንጀል «የዚህ አይደላችሁም» መባል ነበር።

እንግዲህ አወዳድር። እንግሊዝ ሰውን «የኛ ነህ ወይ?» ብላ ስትጠይቅ መጽሐፍ ትሰጠዋለች። መጽሐፉ ግድፈት አለበት፣ ዋጋው ውድ ነው፣ ጥያቄው አንዳንዴ የሚያስቅ ነው። ግን 24 ጥያቄ ነው፤ 18 ከመለስክ አለቀ፣ በሕግ ፊት ማንም ደግሞ አይጠይቅህም። በእኛ ወለጋ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «አንተ ከየት ነህ?» መጽሐፍ የለውም፣ የማለፊያ ነጥብ የለውም፣ በዐርባ ዓመትም አያልቅም። ፈታኙ የመንደሩ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ከየትም የመጣ ጠመንጃ የያዘ ጎረምሳ ነው። ሱብሐነላህ! ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና በገቡ ጊዜ ሙሃጂሮችንና አንሷሮችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ወንድማማች ያደረጉት፣ ቤትና ንብረት ያካፈሉት ለምን ነበር? ያ ጥያቄ ገና ከመነሻው እንዲዘጋ አይደለምን?

«ታሪክ ብንጽፍ ጠመንጃው ይቆማል ወይ?» ትለኝ ይሆናል። አይቆምም። ግን ያልተጻፈ ሰው በቀላሉ እንግዳ ይባላል። የቶሌ ልጅ «እዚህ የተቀበረው አባቴ ነው፣ ይህን መስጊድ ከእገሌ ኦሮሞ ጋር አብረው ሠሩ» ብሎ የሚያሳየው አንድ ወረቀት ሊኖረው ይገባ ነበር። የነቀምቴም ልጅ ያንን አንብቦ ያደገ ቢሆን «ከየት መጣህ» ለማለት ያፍር ነበር። ይህን ያህል ነው የምለው።

ታዲያ ማን ይጻፈው? ወለጋ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ ነቀምቴ ላይ ነው። ምሁራን ይጽፉ ዘንድ እንጠብቅ ማለት ግን የሰነፍ ጸሎት ነው። አንተ በለንደን ያለኸው፣ ለ24 ጥያቄ ስድስት ወር ያጠናህ፣ በየሳምንቱ ለእናትህ የምትደውል፣ ስልክህ ድምፅ መቅዳት የሚችል፣ አንተ ነህ የምትጽፈው። አንቺ ሦስት ጊዜ የወደቅሽው፣ የአያትሽን በቅሎዎች ስም ሳይቀር የምታውቂው፣ አንቺ ነሽ። በመጽሐፍ ዋጋና በፈተና ክፍያ የሚወጣው ገንዘብ ሩቡ እንኳ ደብተርና እስክሪብቶ ሆኖ ወደ መንዲ፣ ወደ ነጆ፣ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ሻምቡ መድረሳዎች ቢላክ! የቁርኣን ቤቱ ልጅ ሐሙስ ሐሙስ አንድ ሽማግሌ ይጠይቅና ይጻፍ። በኦሮምኛ ይጻፍ፣ በአማርኛ ይጻፍ፣ በበርታኛ ይጻፍ። አረብኛም የሚችል በአረብኛ። እኔ ቋንቋው አያጣላኝም። ስህተትም ይኖርበታል፤ የእንግሊዞቹም አለበት።

ለዚያ በረንዳ ላይ ላገኘሁት ወጣት ከጥራዙ ጀርባ ባዶ ገጽ ላይ ጥቂት ጥያቄ ጻፍኩለት። የመንዲ የመጀመሪያው ኢማም ማን ነበሩ፣ ከየትስ መጡ? ቁርኣኑ የተቀራው በሰሌዳ ነበር ወይስ በመጽሐፍ? ጣሊያን በገባ ጊዜ የት ተሸሸጋችሁ? የሱዳን ገበያ ቀን መቼ ነበር? የወሎ ሰፋሪዎች የመጡ ዕለት ማን ውሃ አቀበላቸው? «ለአያትህ አንብብላቸው» አልኩት። ሳቀ፣ ግን ገጹን አልቀደደውም። መግሪብ ተአዘነ፣ ገብተን ሰገድን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እዚያው አገኘሁት። መንዲ ደርሶ ተመልሷል። አያቱ የመጀመሪያዎቹን አላስታወሱም። ስለ ውሃው ሲጠይቃቸው ግን «እኔ ነኛ!» አሉት፤ ሁለት እንስራ ተሸክመው እስከ መንገዱ መውጣታቸውን፣ ከመኪናው የወረደች አንዲት ሴት ሕፃኗን አስይዛቸው ውሃውን መጠጣቷን፣ ስሟም ዘይነባ መሆኑን ነገሩት። ቀጥለውም «ይህንን ማነው የሚጠይቀኝ? ለእንግሊዞቹ ፈተና ነው?» አሉት።

ምን እንደመለሰላቸው ጠየቅኩት። «አይ አኮ፣ ለኔ ነው አልኳት» አለኝ።